ሁለት ጊዜ የወጣው መራጭ፦ ጆርጂያ የአሜሪካን ሴኔት ያዞረችበት ምርጫ

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 2021። በእኛ ታኅሣሥ 27 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ገና ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው። በዚያ ቀን የጆርጂያ ሕዝብ በሁለት ወር ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ምርጫ ጣቢያ ደጃፍ ተሰለፈ። የሚመርጠው ሁለት ሴናተሮችን ነው። የሚወስነው ግን የራሱን ስቴት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የአሜሪካ ሴኔት በማን እጅ ይግባ የሚለው ጥያቄ ጠቅላላው በእነዚህ ሁለት መቀመጫዎች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ማታውን ቆጠራው ተጀመረ። የአንደኛው መቀመጫ አሸናፊ ሌሊቱን ታወቀ። የሁለተኛው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ። በዚያችው ከሰዓት ዋሽንግተን ላይ ሰው የምክር ቤቱን ሕንፃ ሰብሮ ገባ፣ የዓለም ዓይን ሁሉ ወደዚያ ዞረ፣ የጆርጂያው ውጤት በወሬ ደረጃ እንኳ አንድ ሙሉ ቀን ሳይኖር ተዋጠ። እኔ ግን ይሄን ምርጫ ደጋግሜ እመለስበታለሁ። የፓርቲ ሚዛን በምን ዓይነት ትንንሽ ነገሮች እንደሚዞር በዚህ ልክ የሚያሳይ ሌላ ጉዳይ አላውቅም። ከሥሩ ላውራው። ከዚህ በኋላ ቀኖቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያ ሴኔቱን። 100 መቀመጫ አለው፣ ከየስቴቱ ሁለት ሁለት። የአንድ ሴናተር ዘመን ስድስት ዓመት ሲሆን በየሁለት ዓመቱ ሲሶው ለምርጫ ይቀርባል። አገር ቤት ያላችሁ "የላይኛው ምክር ቤት" ሲባል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሊመጣባችሁ ይችላል። ሥራቸው አይገናኝም። የእኛው ሕግ አያወጣም፤ ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፣ በክልሎች መካከል ያለ ጉዳይ ያያል። የአሜሪካው ሴኔት ግን እሺ ካላለ ሕግ አይወጣም፣ ሚኒስትር አይሾምም፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም። ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ የትኛው ሕግ ለድምፅ ይቅረብ የሚለውን የሚወስነው የአብላጫው መሪ ነው። አንድ ሰው። ሕጉ እሱ መሳቢያ ውስጥ ከቀረ ስንት ሰው ቢደግፈውም ዋጋ የለውም። ለዚህ ነው 51 መሆንና 49 መሆን የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቀው።

ከ2020 ምርጫ በፊት ሪፐብሊካኖች 53፣ ዴሞክራቶች ደግሞ አብረዋቸው ከሚቆሙት ሁለት የግል ሴናተሮች ጋር 47 ነበሩ። ኖቬምበር 3 ላይ ዴሞክራቶች ኮሎራዶንና አሪዞናን ወሰዱ፣ አላባማን አጡ። ሜይንና ኖርዝ ካሮላይና ላይ ብዙ ተስፋ ጥለው ነበር፤ ሁለቱም አልተሳኩም። ሲደማመር 50 ለ48 ሆነ። የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም ከጆርጂያ።

50 ለ50 ሲሆን ምክትል ፕሬዚዳንቱ ይለያል። ባይደን አሸንፏል፣ ስለዚህ የምትለየው ካማላ ሃሪስ ናት። እንግዲህ ስሌቱን ተመልከቱ። ሪፐብሊካኖች ከሁለቱ አንዱን ብቻ ቢይዙ ይበቃቸዋል። ዴሞክራቶች ሁለቱንም ማሸነፍ አለባቸው። ያውም ከሃያ ዓመት ወዲህ አንድም ዴሞክራት ለሴኔት ባልተመረጠበት ስቴት።

ሁለቱ መቀመጫዎች እንዴት አንድ ቀን ላይ ገጠሙ?

በደንቡ የአንድ ስቴት ሁለት ሴናተሮች በአንድ ዓመት ለምርጫ አይቀርቡም። ጆርጂያ ላይ የገጠመው በሕመም ምክንያት ነው። ጆኒ አይዛክሰን የሚባለው አንጋፋ ሪፐብሊካን ጤናው ስለከዳው በ2019 መጨረሻ ለቀቀ። የስቴቱ ገዥ ብራያን ኬምፕ በቦታው ኬሊ ሌፍለርን ሾመ። ሌፍለር የናጠጠች ሀብታም ናት፣ ባለቤቷ የኒውዮርክን የአክሲዮን ገበያ የያዘው ኩባንያ ኃላፊ ነው፣ እሷም አትላንታ ድሪም የተባለው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን የጋራ ባለቤት ነበረች። የቀረውን ዘመን ማን ይጨርስ የሚለው በ2020 በሕዝብ እንዲወሰን ተባለ፤ ያ ደግሞ የሌላኛው ሪፐብሊካን ሴናተር የዴቪድ ፐርዱ መደበኛ ምርጫ ከሚደረግበት ቀን ጋር ተገጣጠመ።

ለሌፍለር መቀመጫ የፓርቲ ማጣሪያ አልነበረም። ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ነው የቀረበው፤ 20 ዕጩ! ከሪፐብሊካን በኩል ዳግ ኮሊንስ የሚባል የኮንግረስ አባል ሹመቱን ስላልተቀበለው ተነሥቶባት ለወራት እርስ በርስ ተበላሉ። ከዴሞክራት በኩል ራፋኤል ዋርኖክ ወጣ። ዋርኖክ ማርቲን ሉተር ኪንግ ይሰብክባት የነበረችው የኤቤኔዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ነው። ሳቫና ከተማ ውስጥ የመንግሥት ቤቶች ሠፈር ያደገ፣ ለወላጆቹ ከ12 ልጆች 11ኛው።

እዚህ ላይ ሁሌ የማነሣው አንድ ነገር አለ። በ2020 ክረምት ሌፍለር የጥቁሮችን የመብት እንቅስቃሴ በይፋ ነቀፈች። የራሷ ቡድን ተጫዋቾች ዝም አላሉም፤ ስሟን እየጠሩ ከመሳደብ ይልቅ ኦገስት ላይ "ዋርኖክን ምረጡ" የሚል ቲሸርት ለብሰው ጨዋታ ላይ ቀረቡ። ሌሎች ቡድኖችም ተከተሉ። ያን ጊዜ ዋርኖክን ከአትላንታ ውጭ የሚያውቀው ሰው ብዙ አልነበረም። በኋላ ስለ ገንዘብና ስለ ማስታወቂያ ብዙ ተጻፈ፤ እኔ ግን የእነዚያ ሴቶች ቲሸርት ከብዙ ሚሊዮን ዶላር ማስታወቂያ የበለጠ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

ሕዳር... ማለቴ ኖቬምበር 3 ዋርኖክ 32.9 በመቶ፣ ሌፍለር 25.9፣ ኮሊንስ ወደ 20 በመቶ አገኙ። ግማሽ የደረሰ የለም። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ወደ ሁለተኛ ዙር።

የፐርዱ ነገር ደግሞ ለጥቂት ነው። ተቃዋሚው ጆን ኦሶፍ የ33 ዓመት ወጣት፣ የምርመራ ዘጋቢ ፊልም አምራች፣ በ2017 ለታችኛው ምክር ቤት ተወዳድሮ የተሸነፈ ሰው ነበር። ፐርዱ 2,462,617 ድምፅ አገኘ፣ ኦሶፍ 2,374,519። ልዩነቱ ከ88 ሺህ በላይ ነው። በአብዛኛው ሌላ ስቴት ቢሆን ፐርዱ በዚያው ሌሊት አሸናፊ ተብሎ፣ ሴኔቱም ለሪፐብሊካን ጸንቶ፣ ሁላችንም ወደ ቤታችን እንገባ ነበር። ጆርጂያ ግን ከግማሽ በላይ ትጠይቃለች። ፐርዱ ያገኘው 49.73 በመቶ ነው። 50 ለመሙላት የጎደለው ወደ 13,500 ድምፅ። ሦስተኛው ዕጩ፣ የሊበርታሪያን ፓርቲው ሼን ሄዝል፣ 115 ሺህ ድምፅ ወስዷል።

አስቡት፤ ወደ 5 ሚሊዮን ሰው መርጦ 13,500 ድምፅ።

ስለዚህ ሕግ ትንሽ ልበል

ይሄ የ50 በመቶ ሕግ ከየት መጣ? ታሪኩ ደስ አይልም። ጆርጂያ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የፓርቲ ማጣሪያ ምርጫዎቿን በካውንቲ፣ እንደ ወረዳ በሉት፣ ነበር የምትቆጥረው፤ ትንሹ የገጠር ካውንቲ ከአትላንታ ጋር በማይመጣጠን መንገድ ይመዘን ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤት "አንድ ሰው አንድ ድምፅ" ብሎ ሻረው። በቦታው የመጣው ከግማሽ በላይ የሚጠይቀው ሕግ ነው፣ 1964 ላይ። ዋናው ገፊው ዴንማርክ ግሩቨር የሚባል የሜከን ከተማ ተወካይ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ነጩ ድምፅ ለብዙ ዕጩ ቢበታተን እንኳ ጥቁሮች በአንድነት ቆመው ሰው እንዳያሳልፉ፣ ሁለተኛ ዙር ይኑርና ነጩ እንደገና ይሰብሰብ። ግሩቨር ራሱ ከዓመታት በኋላ ዓላማው የዘር እንደነበር አምኗል።

ከዚያ በኋላ ሕጉ እንደ ወቅቱ ተጎተተ። 1992 ላይ ዴሞክራቱ ዋይች ፋውለር 49.2 በመቶ ይዞ እየመራ ሁለተኛ ዙር ገባና በ16 ሺህ ድምፅ ገደማ ተሸነፈ። የተናደዱት ዴሞክራቶች መስፈርቱን ወደ 45 በመቶ አወረዱት። በ1996 ዴሞክራቱ ማክስ ክሌላንድ በ48.9 በመቶ ሴናተር የሆነው በዚህ ነው። ሪፐብሊካኖች ሥልጣን ሲይዙ ደግሞ በ2005 ወደ 50 መለሱት። ያንን ባያደርጉ ፐርዱ ኖቬምበር 3 ማታ ሴናተር ነበር።

2008ንም ማየት አለብን፣ ምክንያቱም በ2020 ሁሉም ሰው እንደዚያው ይሆናል ብሎ ነበር። ያኔ ሪፐብሊካኑ ሳክስቢ ቻምብሊስ 49.8 በመቶ አግኝቶ ለጥቂት ሁለተኛ ዙር ገባ። ኖቬምበር ላይ ኦባማን ለመምረጥ የወጣው ሕዝብ ዲሴምበር ላይ ቤቱ ቀረ። መራጩ ከ3.7 ሚሊዮን ወደ 2.1 ሚሊዮን ወረደ፤ የዴሞክራቱ ጂም ማርቲን ድምፅ በግማሽ ሊያንስ ምንም አልቀረው፤ ቻምብሊስም በ57 በመቶ ቀለደበት። በጆርጂያ ፖለቲካ የታወቀው እውነት ይህ ነበር፦ ሁለተኛ ዙር የሪፐብሊካን ነው። የገጠሩና ዕድሜው የገፋው መራጭ ተመልሶ ይመጣል፣ የከተማው ወጣት አይመጣም።

ዘጠኙ ሳምንት

በኖቬምበር 3ና በጃንዋሪ 5 መካከል ዘጠኝ ሳምንት አለ። በነዚህ ሳምንታት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ፈሰሰ። ጆርጂያ ያለ ሰው ቴሌቪዥን መክፈት አቃተው፣ ስልኩ በቴክስት ተጨናነቀ፣ በሩ በየቀኑ ተንኳኳ። ግን ገንዘቡ ለሁለቱም ወገን ስለነበር ውጤቱን ያብራራል ብዬ አላስብም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው።

በሪፐብሊካን በኩል የተፈጠረውን ለመግለጽ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ከሚለው የተሻለ አባባል አላገኘሁም። ትራምፕ ጆርጂያን በ11,779 ድምፅ ነው የተሸነፈው። ተቆጠረ፣ በእጅ ተቆጠረ፣ እንደገና ተቆጠረ። ያው ነው። እሱ ግን አልተቀበለውም። ዲሴምበር 5 ቫልዶስታ ከተማ መጥቶ ለሁለቱ ሴናተሮች ቅስቀሳ ተባለ፤ አብዛኛውን ሰዓት ያወራው ተሰረቅኩ እያለ ስለራሱ ነው። የራሱን ፓርቲ ሰው፣ ገዥውን ኬምፕን፣ በአደባባይ ይወርፈው ነበር። ከሱ ጋር የተሰለፈው ጠበቃ ሊን ዉድ ደግሞ ጭራሽ ሪፐብሊካኖች ነገሩ ካልተስተካከለ አትምረጡ እስከማለት ደረሰ። ጃንዋሪ 2 ትራምፕ የስቴቱን ምርጫ ለሚመራው ብራድ ራፈንስፐርገር ደውሎ 11,780 ድምፅ እንዲያገኝለት ጠየቀው። የስልክ ንግግሩ ቅጂ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ምርጫው ሁለት ቀን ቀርቶታል!

እስቲ በአንድ የገጠር ጆርጂያ ሪፐብሊካን ቦታ ሆነን እናስብ። የምታምነው መሪ "ምርጫው የተጭበረበረ ነው" ብሎሃል። ከዚያ እዚያው ስቴት፣ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ባለሥልጣን ሥር እንደገና ሄደህ ምረጥ ይልሃል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ሰውየው ሞኝ ስለሆነ አይደለም ቤቱ የቀረው፤ የተነገረውን ከልቡ ስላመነ ነው።

የዕርዳታው ቼክም ጣልቃ ገባ። ኮቪድ ሰውን ከሥራ አፈናቅሏል። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ለአንድ ሰው 600 ዶላር የሚሰጥ ሕግ ተፈረመ። ትራምፕ ራሱ 2,000 ይሁን አለ። ዴሞክራቶች እሺ አሉ፣ የታችኛው ምክር ቤት አሳለፈው፣ የሴኔቱ የአብላጫ መሪ ሚች መኮኔል ግን ለድምፅ አላቀረበውም። ቅድም ያልኩት መሳቢያ ማለት ይሄ ነው። ኦሶፍና ዋርኖክ ወዲያው ያዙት፦ "እኛን ብትመርጡ ቼኩ ይመጣል።" የሴኔት አብላጫ ምን እንደሚሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለሕዝብ ማስረዳት ከባድ ነው። ይሄኛው ግን ገባው፤ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ፐርዱ ደግሞ ክርክር አልመጣም። ዲሴምበር 6 ኦሶፍ ከባዶ አትሮኖስ ጋር ቆሞ በቴሌቪዥን ተከራከረ። በመጨረሻው ሳምንትም ፐርዱ ኮቪድ ካለበት ሰው ጋር ስለተገናኘ ራሱን አግልሎ ቤት ቆየ።

በዴሞክራት በኩል የነበረው ሥራ ግን የዘጠኝ ሳምንት ሥራ አይደለም። ስቴሲ ኤብራምስ በ2018 ለገዥነት ተወዳድራ በ55 ሺህ ድምፅ ገደማ ከተሸነፈች ወዲህ፣ እንዲያውም ከዚያ በፊት ጀምሮ፣ ሰው በማስመዝገብ ላይ ነበረች። እሷ ብቻም አይደለችም። ስማቸው ጋዜጣ ላይ ያልወጣ በርካታ የጥቁሮች፣ የላቲኖች፣ የእስያውያን ማኅበራት ቤት ለቤት ዞረዋል። ከ2016 ጀምሮ ጆርጂያ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ መራጭነትህ አብሮ ይመዘገባል፤ ይሄም መዝገቡን አሰፋው። ለሁለተኛው ዙር ደግሞ እስከ ዲሴምበር 7 አዲስ ሰው መመዝገብ ይቻል ነበር፣ ስለዚህ በመሃል 18 ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ይፈለግ ነበር።

የእኛ ሰውስ? አትላንታ አካባቢ ያለው ሐበሻ ብዙው ዲካልብና ግዊኔት ካውንቲ ነው ያለው፤ ክላርክስተን፣ ዲኬተር፣ ስቶን ማውንቴን። ኖቬምበር 3 መረጠ። ኖቬምበር 4 ትግራይ ውስጥ ጦርነት ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቤተሰብ ያ ሁለት ወር የቅስቀሳ ወቅት አልነበረም፤ መቀሌ የሚደወል ስልክ የማይነሣበት፣ ሰው በዜና ተቆራርጦ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ጎን ለጎን መቆም የከበደው ወቅት ነው። በዚያ ላይ በር እያንኳኩ "ጃንዋሪ 5ን እንዳትረሱ" ይሉታል። ይሄን የማነሣው በምክንያት ነው። በቁጥር ስናወራ መራጭ ሁሉ ሐሳቡ አንድ ቦታ ያለ ይመስለናል። ዲካልብ ለሁለቱም ዴሞክራቶች ከ80 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጠች፤ ያን ድምፅ የሰጠው ሰው ደግሞ ልቡ ሌላ አህጉር ላይ የነበረ ሰውም ይገኝበታል።

ቁጥሩ

ዋርኖክ 2,289,113፣ ሌፍለር 2,195,841። ልዩነት 93 ሺህ።

ኦሶፍ 2,269,923፣ ፐርዱ 2,214,979። ልዩነት 55 ሺህ ገደማ።

አሁን ወደ ላይ ተመለሱና የኖቬምበሩን እዩ። ኦሶፍ ያሸነፈው ኖቬምበር ላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ሳለ ካገኘው ባነሰ ድምፅ ነው። ወደ 105 ሺህ ጎደለበት። ፐርዱ ግን ወደ 248 ሺህ ጎደለበት። ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ማንም በብዛት ሐሳቡን አልለወጠም፣ የተለወጠው የመጣው ሰው ነው። የአትላንታው ጋዜጣ በኋላ የመራጮችን መዝገብ አገላብጦ ነበር፤ ኖቬምበር ላይ ከመረጡት ከ750 ሺህ በላይ ሰዎች ጃንዋሪ ላይ አልመጡም፣ ከእነሱ ከግማሽ በላይ ነጮች ናቸው፣ ብዙዎቹም የገጠር ሰዎች። በተቃራኒው ኖቬምበር ላይ ያልመረጡ ወደ 228 ሺህ ሰዎች ጃንዋሪ ላይ መጡ። በ2008 የታወቀው እውነት ተገለበጠ። ጥቁሩን ድምፅ ለማዳከም የተሠራው ሁለተኛ ዙር፣ ጆርጂያ የመጀመሪያውን ጥቁር ሴናተሯን የመረጠችበት መንገድ ሆነ። ኦሶፍም የስቴቱ የመጀመሪያ አይሁዳዊ ሴናተር ነው።

ያን ሌሊት ዋርኖክ ሲናገር እናቱን አነሣ። በልጅነታቸው የሰው ጥጥ ይለቅሙ የነበሩት የ82 ዓመት እጆች ሄደው የገዛ ልጃቸውን ሴናተር አድርገው መረጡ አለ። እኔ ይሄን ስሰማ ዕንባዬ መጥቷል፣ አልደብቅም።

ከዚያስ ምን ተለወጠ?

ጃንዋሪ 20 ቀን ካማላ ሃሪስ ምክትል ፕሬዚዳንት በሆነች በሰዓታት ውስጥ ሦስት ሴናተሮችን አስማለች፤ ዋርኖክን፣ ኦሶፍንና በራሷ ቦታ የተተካውን አሌክስ ፓዲያን። ሴኔቱ 50 ለ50 ሆነ። ዴሞክራቱ ቻክ ሹመር የአብላጫ መሪ ተባለ። ግን ኮሚቴዎቹ እንዴት ይከፋፈሉ በሚለው ላይ ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቁ፤ መኮኔል ፊሊበስተር የሚባለውን ደንብ አንነካም ብላችሁ ፈርሙ አለ። ፊሊበስተር ማለት አብዛኛውን ሕግ ለማሳለፍ 51 ሳይሆን 60 ድምፅ እንዲያስፈልግ የሚያደርግ ደንብ ነው። ከራሳቸው ከዴሞክራቶቹ ጆ ማንቺንና ክርስተን ሲነማ ደንቡን አናስነካም ስላሉ መኮኔል ለቀቀው። ፌብሩዋሪ 3 ኮሚቴዎቹ እኩል በእኩል ተከፍለው፣ ሊቀመንበርነቱ ለዴሞክራት ሆኖ ሥራ ተጀመረ።

ማርች 6 ላይ የ1.9 ትሪሊዮን ዶላሩ የኮቪድ ዕርዳታ ሕግ 50 ለ49 አለፈ። 1,400 ዶላር ለሰው። ከቀድሞው 600 ጋር ሲደመር 2,000። የጆርጂያ መራጭ ቃል የተገባለትን በሁለት ወር ተኩል ውስጥ ባንኩ ውስጥ አየው። በ2022 ኤፕሪል ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆና 53 ለ47 ጸደቀች። ኦገስት ላይ ለአረጋውያን የመድኃኒት ዋጋን የሚያወርደውና ለአየር ንብረት ገንዘብ የመደበው ሕግ 51 ለ50 አለፈ፤ ለያይዋ ሃሪስ ናት። በአራት ዓመት 33 ጊዜ ለይታለች፣ በአሜሪካ ታሪክ ከየትኛውም ምክትል ፕሬዚዳንት በላይ።

ያልተለወጠው ግን አለ፣ እሱን አለፍ ብዬ መሄድ አልፈልግም። ድምፁ እኩል ሲሆን ሥልጣኑ የሚሄደው ወደ መጨረሻው አመንቺ ሰው ነው። ጆርጂያ ሁለት ጊዜ ተሰልፋ ያመጣችውን አብላጫ ጆ ማንቺን፣ ከዌስት ቨርጂኒያ፣ በኪሱ ይዞት ዞረ። የባይደንን ትልቁን የማኅበራዊ ወጪ ዕቅድ በ2021 ዲሴምበር እሱ እምቢ ስላለ ብቻ ቀረ። ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የምርጫ መብት ሕጉ ነው። ዋርኖክ ከማንም በላይ የለፋበት፣ ጆርጂያን ያነቃነቀው ጥያቄ እሱ ነበር። ጃንዋሪ 19 ቀን 2022 ለዚያ ሕግ ሲባል የፊሊበስተሩ ደንብ እንዲቀየር ድምፅ ተሰጠ፤ 48 ለ52 ወደቀ፣ ማንቺንና ሲነማ ከሪፐብሊካኖቹ ጋር ሆነው።

ለእኛ ጉዳይስ? የሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሊቀመንበርነት ከሪፐብሊካኑ ጂም ሪሽ ወደ ዴሞክራቱ ቦብ ሜነንዴዝ ዞረ። ብዙ ሐበሻ ትልቅ ለውጥ ጠብቆ ነበር፣ በየወገኑ። የሆነው ሌላ ነው። በ2021 መጨረሻ በኢትዮጵያ ላይ ማዕቀብ የሚጥለው ረቂቅ፣ ግማሻችን የደገፍነው ግማሻችን የተቃወምነው፣ ሲቀርብ ሜነንዴዝና ሪሽ አብረው ነው ያቀረቡት። ከኮሚቴው አልፎ ሕግ ሳይሆን ቀረ። በዚህ ጉዳይ ላይ የወንበሩ መዞር እምብዛም ለውጥ አላመጣም፤ ሁለቱም ፓርቲዎች አንድ ቦታ ነበሩ።

ጆርጂያም ሕጓን ቀየረች። ማርች 25 ቀን 2021 ኬምፕ የፈረመው የምርጫ ሕግ ዘጠኙን ሳምንት ወደ አራት አሳጠረው። ጊዜው ሲያጥር በመሃል አዲስ መራጭ የሚመዘገብበት በርም ተዘጋ። በ2022 ዋርኖክ ለሙሉ ዘመን ሲወዳደር እንደገና ያው ሆነ፤ ከቀድሞው የእግር ኳስ ኮከብ ከኸርሸል ዎከር ጋር 49.4 ለ48.5፣ ሁለተኛ ዙር። በአራት ሳምንት ውስጥ ያው ሕዝብ ተመልሶ ወጣ፣ ቀድሞ የሚመረጥበት ቀን አጥሮ ሰልፉ ለሰዓታት ሲረዝም እያየ ቆመ፤ ዲሴምበር 6 ዋርኖክ በ51.4 በመቶ አሸነፈ። ሴኔቱ 51 ለ49 ሆነ። ከሦስት ቀን በኋላ ሲነማ ፓርቲውን ለቃ የግል ነኝ አለች።

በ2024 ዴሞክራቶች ዌስት ቨርጂኒያን፣ ሞንታናን፣ ኦሃዮንና ፔንሲልቬኒያን አጡ። ሪፐብሊካን 53፣ ዴሞክራት 47። ቁጥሩ ከ2020 በፊት ወደነበረበት ቦታ ልክ ተመለሰ። ዋርኖክና ኦሶፍ ግን አሁንም አሉ። የኦሶፍ መቀመጫ በ2026 ኖቬምበር ለምርጫ የሚቀርብ ነው፣ የ50 በመቶው ሕግም እንዳለ ነው። ጆርጂያ ያላችሁ ደግሞ ለሁለተኛው ዙር የሚሆን ምዝገባ ከመጀመሪያው ዙር በፊት እንደሚዘጋ አትርሱ።